ስንዴው ሲረክስ ዱቄቱ ለምን ይወደዳል?

በናይጄሪያዋ የንግድ ከተማ ሌጎስ፣ በአፓፓ ወደብ፣ ግዙፍ ዱቄት ፋብሪካዎች የተተከሉት ከውኃው አፋፍ ላይ ነው። ስንዴ የጫነው መርከብ ከፋብሪካው ደጃፍ ይቆማል። ወፍራም ቱቦ ወደ መርከቡ ሆድ ይወርድና እህሉን እየመጠጠ ሽቅብ ወደ ሲሎው ይልከዋል። ስንዴው ከካንሳስ፣ ከካናዳ ሜዳዎች፣ ከሩሲያ ወይም ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከየትም ይምጣ ግን የተገዛው በዶላር ነው። ተበጥሮ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ በብረት መዳመጫዎች መካከል ተፈጭቶ፣ በ50 ኪሎ ከረጢት ታሽጎ በፋብሪካው የኋላ በር ሲወጣ ደግሞ የሚሸጠው በናይጄሪያ ገንዘብ፣ በናይራ ነው። ዳቦ ጋጋሪውም በናይራ ይከፍላል፤ እናት ለልጆቿ ቁርስ የምትገዛውም በናይራ ነው። በባሕሩ በርና በኋላው በር መካከል ዋጋው ከዶላር ወደ ናይራ ይለወጣል። በአብዛኛው የዓለም ክፍል የዱቄት ዋጋ ምስጢር የሚፈለገው በማሳው ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው የሚለውን ሐሳብ ለማሳየት ከናይጄሪያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ቁጥሩን እንየው (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ወሮቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 የካቲት መጨረሻ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ሁለቱ ሀገሮች በአንድነት ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ስንዴ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ያቀርቡ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በቺካጎ ገበያ 8 ዶላር አካባቢ የነበረው አንድ ቡሽል፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ስንዴ፣ በመጋቢት ወር ከ13 ዶላር አለፈ። ይህ ዋጋ ግን አልሰነበተም። በ2024 ነሐሴ ከ6 ዶላር በታች ወርዶ፣ ከጦርነቱ በፊት ከነበረበትም ረክሶ ነበር። ታዲያ በዚያው ጊዜ ሌጎስ ውስጥ ዱቄት ረከሰ ወይ? በተቃራኒው፣ ታይቶ በማይታወቅ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ለስሌት ያህል፣ ወደብ የደረሰ አንድ ቶን ስንዴ በ2022 በ450 ዶላር፣ በ2024 በ250 ዶላር ተገዛ እንበል። የመጀመሪያው በጊዜው መደበኛ ተመን፣ አንድ ዶላር በ420 ናይራ ሲመታ፣ 189 ሺህ ናይራ ይሆናል። ናይራው በሰኔ 2023 ለገበያ ከተለቀቀና አንድ ዶላር ወደ 1,500 ናይራ ካሻቀበ በኋላ ሁለተኛው 375 ሺህ ናይራ ይሆናል። ስንዴው በዶላር ግማሽ ሊሆን ሲቃረብ በናይራ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው።

“ናይጄሪያ ስንዴ ስለማታመርት ነው” የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ሀገሪቱ የምትበላውን ስንዴ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ እንደምታስገባ እውነት ነው። ነገር ግን ሳዑዲ ዓረቢያም እንደዚያው ናት። ሳዑዲ በአንድ ወቅት በረሃውን በከርሰ ምድር ውኃ እያጠጣች ስንዴ እስከ መላክ ደርሳ ነበር፤ ውኃው እያለቀ መሆኑ ሲታወቅ ግን ከ2008 ጀምራ የሀገር ውስጥ ግዢውን እየቀነሰች በ2016 ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ምርት እንደገና ቢፈቀድም ዋናው ስንዴ በመርከብ የሚመጣ ነው። በጅዳና በሪያድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በአንድ ሪያል ዳቦ መግዛት ምን ያህል ዓመት እንደቆየ ያውቁታል። ጃፓንም ከምትጠቀምበት ስንዴ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውስትራሊያ ታስገባለች። እዚያ መንግሥት ራሱ ስንዴውን ገዝቶ ለዱቄት ፋብሪካዎች ይሸጣል፤ ዋጋውን የሚከልሰው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ነው። በዚያ የቀውጢ ዓመት፣ በሚያዝያ 2022፣ ጭማሪው 17.3 በመቶ ነበር፤ በጥቅምቱ ደግሞ የጃፓን ገንዘብ የን ክፉኛ ተዳክሞ ሳለ መንግሥት ዋጋው ባለበት እንዲቆይ አደረገ። ሦስቱም ሀገሮች የሚገዙት ከአንድ ዓለም ገበያ ነው፣ ሦስቱም ከባሕር ማዶ ያስጭናሉ። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 ጀምሮ በ3.75 ከዶላር ጋር ታስሯል፤ ጃፓን ማዕበሉን በበጀቷ ልትመክት የምትችል ሀገር ናት። ናይጄሪያ ሁለቱም የላትም። እንግዲህ ሀገሮችን የሚለያያቸው ስንዴ ማብቀልና አለማብቀል ብቻ ቢሆን ኖሮ የሦስቱ ሕዝቦች ዕጣ አንድ በሆነ ነበር።

ይህን ስል የማሳው ጉዳይ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዓለም በዓመት 800 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስንዴ ታመርታለች፤ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ግን ከዚያ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ከዓለም ክምችት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ያለው በቻይና መጋዘኖች ነው፤ እርሱም ለሽያጭ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ “የዓለም ዋጋ” የምንለው ነገር የሚመሠረተው በጠበበ ገበያ ላይ ነው፤ ከጥቂት ላኪ ሀገሮች አንዷ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ወይም ወደብ ሲዘጋ ዋጋው ከጉድለቱ መጠን በላይ ይዘላል። ስንዴም ሁሉ አንድ ስንዴ አይደለም። ለዳቦ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ለብስኩት ዝቅ ያለ፣ ለፓስታ ደግሞ ዱረም የሚባለው ጠንካራ ስንዴ ይፈለጋል። ካናዳ በ2021 በድርቅ ስትመታ የስንዴ ምርቷ ከሲሶ በላይ ወደቀ፤ ከዓለም የዱረም ንግድ ትልቁን ድርሻ የምትይዘው እርሷ ስለሆነች የጣሊያን ፓስታ አምራቾች ጦርነቱ ሳይጀመር ገና በዋጋ ተቃጥለው ነበር። ማሳው ማዕበሉን ያስነሳል። ማዕበሉ ከየሰው ጓዳ ሲደርስ ምን ያህል ቁመት እንደሚኖረው የሚወስኑት ግን ሌሎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ፣ ከዱቄቱና ከዳቦው ዋጋ ውስጥ የስንዴው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ከአንድ ቡሽል ስንዴ በአሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት 42 ገደማ ነጭ ዳቦ ይወጣል። ስንዴው 8 ዶላር ሲሆን በአንዱ ዳቦ ውስጥ ያለው ስንዴ 19 ሳንቲም ያህል ያወጣል፤ 13 ዶላር ሲገባ 31 ሳንቲም ይሆናል። ዳቦው የሚሸጠው ከ2 ዶላር በላይ ስለሆነ፣ ገበያውን ያናወጠው ጭማሪ በገዢው ላይ የሚጥለው 12 ሳንቲም ነው። የቀረው ገንዘብ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የማሸጊያ፣ የመኪና፣ የማስታወቂያና የሱቅ ኪራይ ነው። በድሃ ሀገር የሠራተኛው ደመወዝ ትንሽ፣ ማሸጊያው ማዳበሪያ ከረጢት፣ ሱቁ ጉልት ነው። ስለዚህ ከዱቄቱ ዋጋ አብዛኛው ስንዴው ራሱ ይሆናል፤ ስንዴው ላይ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ሳይበርድ ይደርሳል። ዱቄት በኪሎ ሲሰላ በድሃ ሀገር ርካሽ፣ በሀብታም ሀገር ውድ ሊመስል ይችላል። መለኪያው ግን ቤተሰቡ ካገኘው ገንዘብ ስንት እጁን ለእህል እንደሚያወጣ መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን የአሜሪካው ዱቄት ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ወፍጮውንም ጠጋ ብለን ብናየው ብዙ እንማራለን። አንድ ኩንታል ስንዴ አንድ ኩንታል ዱቄት አይሰጥም። ስንዴው መጀመሪያ ከጠጠር፣ ከገለባና ከእንክርዳድ ይለያል፤ ከዚያ እርጥበቱ 15 ወይም 16 በመቶ እስኪደርስ ውኃ ተረጭቶበት ለሰዓታት ያርፋል። ውኃው ልጡን ያጠነክረዋል፣ ልቡን ያለሰልሰዋል፤ መዳመጫው ውስጥ ሲገባ ልጡ ሳይደቅ ይገፈፋል። ከዚያ ጥንድ በጥንድ በተደረደሩ ጥርሳም የብረት መዳመጫዎች እየተፈጨ፣ በሚወዛወዙ ወንፊቶች እየተነፋ በመጨረሻ ከ100 ኪሎው 75 ገደማ ነጭ ፉርኖ ዱቄት ይገኛል። ቀሪው ፉርሽካ ነው። ፉርሽካው ደግሞ ትርፍራፊ አይደለም፤ የወተት ላም የሚያረቡና ከብት የሚያደልቡ ሰዎች የሚሻሙበት መኖ ነው። የፉርሽካ ዋጋ ሲወጣ ፋብሪካው ከዱቄቱ ላይ ትንሽ የመተው አቅም ያገኛል፤ ሲወርድ ኪሳራውን በዱቄቱ ላይ ይጭነዋል። መብራት እየተቆራረጠ ፋብሪካው በናፍጣ ጄኔሬተር ሲሠራ፣ ለመዳመጫ መለወጫ ዶላር ሲጠፋ፣ ስንዴ አጥቶ የሳምንቱን ግማሽ ቆሞ ሲውል፣ የቆመበት ቀን ወጪ ሁሉ በሠራበት ቀን ዱቄት ላይ ይከፈላል። ቱርክ ከሩሲያ የምታስገባውን ስንዴ ፈጭታ ከዓለም ቀዳሚዋ ዱቄት ላኪ የሆነችው ከእርሻዋ ብዛት የተነሣ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎቿ ብዙ፣ ለጥቁር ባሕርና ለኢራቅ ገበያም ቅርብ በመሆናቸው ጭምር ነው።

ባሕሩና መንገዱም የራሳቸውን ይወስዳሉ። በነሐሴ 2022፣ በኢስታንቡል የተፈረመው የጥቁር ባሕር ስምምነት የዩክሬንን ወደቦች ካስከፈተ በኋላ፣ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴ ጭና ከፒቭደኒ ወደብ ለኢትዮጵያ ተነሣች። ቦስፎረስን፣ ስዊዝንና ቀይ ባሕርን አቋርጣ በሁለት ሳምንት ጅቡቲ ገባች። ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ወደብ የሌላት ሀገር ለየብሱ ጉዞ የምትከፍለው የማጓጓዣ ሒሳብ ከዚያ ሁሉ ባሕር ኪራይ የማይተናነስበት ጊዜ አለ። ከ2023 ኅዳር ጀምሮ የየመን ሁቲ ኃይሎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲይዙ የጦርነት ጊዜ መድን ተጨመረበት። የጥቁር ባሕሩ ስምምነት ራሱ የቆየው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ሐምሌ 2023 ሲቋረጥ ወደ 33 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እህልና ምግብ ተጭኖበት ነበር።

አሁን ወደ መንግሥታት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። ካይሮ ውስጥ ባላዲ የሚባለውን ክብ ዳቦ የሚጋግር ምድጃ ፊት ገዢው ካርዱን ለሻጩ ይሰጣል፤ ሻጩ ካርዱን በመሣሪያው ላይ ያሳልፋል፤ ለቤተሰቡ በሰው አምስት ዳቦ ተቆጥሮ ትኩሱ ይሰጠዋል። የአንዱ ዳቦ ዋጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ 5 ፒያስተር፣ ማለትም የግብፅ ፓውንድ አምስት መቶኛ፣ ነበር። የግብፅ መንግሥታት ይህን ዋጋ የፈሩት በከንቱ አይደለም፤ በጥር 1977 ድጎማው ሊነሳ ነው ሲባል የተቀሰቀሰው አመፅ ሕዝቡን አደባባይ አውጥቶ ውሳኔውን አሽሮታል። ግን የተደጎመ ዋጋ ስላልተንቀሳቀሰ ወጪው አልተንቀሳቀሰም ማለት አይደለም። በ2022 መጀመሪያ ከ16 በታች የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በመጋቢት 2024 ወደ 50 የግብፅ ፓውንድ ሲጠጋ፣ መንግሥት ለአንድ ዳቦ 125 ፒያስተር እንደሚያወጣ ተናገረ፤ ከሰኔ 2024 ጀምሮም ዳቦው 20 ፒያስተር ገባ። እንደ እኔ ግምገማ የግብፅ ድጎማ ወደ 70 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ከረሃብ የጠበቀ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚነቅፉት ሁሉ በምን ሊተኩት እንዳሰቡ ሊጠየቁ ይገባል። የምንዛሪውን ሸክም ግን አላጠፋውም፤ ከሸማቹ ትከሻ ወደ መንግሥት ካዝና አዛወረው፣ ካዝናውም ሲደክመው መልሶ አካፈለው።

ሞዛምቢክ ይህ ካዝና የላትም። በነሐሴ 2010 ሩሲያ በድርቅና በቃጠሎ ተመትታ ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ በመስከረም መጀመሪያ በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ የዳቦ ዋጋ መጨመሩ ተነገረና ሕዝብ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ፣ መንግሥትም ጭማሪውን ሰረዘ። በዓለም ዜና ላይ ታሪኩ የሩሲያ ድርቅ ማፑቶን እንዳቃጠለ ተደርጎ ቀረበ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር የሞዛምቢክ ገንዘብ ሜቲካል በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ራንድና በዶላር ፊት ክፉኛ ተዳክሞ እንደነበር ነው። የሩሲያ እገዳ የሁሉም ገዢ ሀገር ችግር ነበር። መንገድ ላይ ጎማ የተቃጠለው ግን ገንዘቡ በተዳከመበት፣ ሕዝቡም ከገቢው አብዛኛውን ለምግብ በሚያወጣበት ቦታ ነው።

ሁለት መከራከሪያዎች ተገቢ መልስ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው “ይህ ሁሉ የነጋዴ ስግብግብነት ነው” የሚለው ነው። እህል የሚደብቅ ነጋዴ፣ በመሀል ገብቶ ዋጋ የሚቆልል ደላላ መኖሩን የሚክድ የለም። በጥቂት ፋብሪካዎች እጅ በወደቀ ገበያም ዋጋ ሲወጣ ይሮጣል፣ ሲወርድ ይንፏቀቃል። ሆኖም የሌጎስ ነጋዴ ከጃፓኗ የኦሳካ ከተማ ነጋዴ በተፈጥሮው የባሰ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። የሚለየው የሚኖርበት ጥርጣሬ ነው። ዛሬ የሸጠውን ዱቄት ነገ በስንት እንደሚተካ የማያውቅ ሰው፣ የነገውን ፍርሃት ዛሬ ዋጋው ውስጥ ያስገባል። ፍርሃቱ ዋጋ ሲሆን ገዢው ስግብግብነት ብሎ ይጠራዋል፤ ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ግን በሕግ ማስከበር የማይነቀል የምንዛሪ ጥርጣሬ ነው። መደብር ማሸግ ይህን ጥርጣሬ ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ለኛም ይበልጥ ቅርብ ነው። “ራሳችንን ከቻልን፣ ስንዴ ከውጭ ካላስገባን፣ ዶላር ምን ያገባዋል?” የሚል ነው። ሕንድን እንይ። ከቻይና ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ስንዴ አምራች ናት። በመጋቢት 2022 ያልተጠበቀ ሙቀት ሰብሉን ሲመታ በግንቦት 13 ወደ ውጭ መላክን ከለከለች፤ ይሁንና የሀገር ውስጡ ዋጋ በ2023 መጀመሪያ እስከዚያ ድረስ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ላይ ደረሰ። ያወረደው እገዳው አልነበረም፤ መንግሥት ከጎተራው እህል አውጥቶ በጨረታ ለገበያ ማቅረቡ ነበር። ምርት ያለ ክምችት አንድ ክፉ ወር መሻገር እንኳ ያቅተዋል።

ኢትዮጵያም ከአርሲና ከባሌ ነባር የስንዴ ምድር በተጨማሪ የበጋ መስኖ ስንዴን አስፋፍታ፣ መንግሥት ከውጭ ስንዴ መግዛት አቁመናል ብሎ፣ በ2023 መጀመሪያ የኤክስፖርት መርሐ ግብር እስከ ማስጀመር ደርሷል። የምርቱ ማደግ የሚናቅ አይደለም። የዳቦው ግራም ግን እየቀነሰ ዋጋው እየጨመረ የሄደው በዚሁ ዘመን ነው። ይህ የሚጋጭ የሚመስለው የስንዴው ማሳ ከዶላር ነፃ ነው ብለን ስናስብ ነው። ማዳበሪያው ከሞላ ጎደል በሙሉ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ይገባል፤ በ2022 የዩሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ900 ዶላር አልፎ ነበር። ትራክተሩና ኮምባይነሩ፣ ስንዴውን ከባሌ ወደ አዳማና አዲስ አበባ የሚያመጣው መኪና፣ ናፍጣው፣ ጎማው ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው። ገበሬውና ነጋዴው ደግሞ ዋጋ ሲያስቡ፣ ከውጭ ቢገባ ምን ያህል ያወጣ ነበር የሚለውን ጣሪያ ሳያዩ አይቀሩም። ወደብ ላይ በቶን 280 ዶላር የሚያወጣ ስንዴ፣ አንዱ ኩንታል 28 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ተመን ይህ 1,600 ብር አካባቢ ነበር፤ አንድ ዶላር 120 ብር ሲገባ 3,360 ብር ይሆናል፣ ያውም ከጅቡቲ ያለው መንገድ ሳይታሰብ። እርግጥ ብዙ ነጋዴ ቀድሞውንም በጥቁር ገበያው ተመን ያሰላ ስለነበር የዋጋው ዝላይ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። ጣሪያው ግን ከፍ ብሏል፤ ጣሪያው ከፍ ሲል የሀገር ውስጡ ስንዴ ወደዚያ ለመውጣት ቦታ ያገኛል።

በዚህ ላይ የራሳችን ጥፋት ይጨመራል። ስንዴ የተትረፈረፈበት ወረዳና ስንዴ ያጣ ፋብሪካ በአንድ ሀገር ውስጥ የሚገኙት በመካከላቸው ኬላ፣ ግጭትና የተዘጋ መንገድ ሲኖር ነው። ገበሬው በርካሽ እንዲሸጥ ሲገደድ፣ ዳቦ ቤቱ ደግሞ በውድ ሲገዛ፣ ልዩነቱን ማን እንደወሰደው የሚነግረን የዋጋ መረጃ በእጃችን የለም። ይህን ለማስተካከል ዶላር አያስፈልግም፤ ውሳኔ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ነው። ስንዴ ከየትኛውም ክልል ወደ የትኛውም ዱቄት ፋብሪካ ያለ ኬላ እንዲሄድ ይፈቀድ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ከገበሬው በገበያ ዋጋ ገዝቶ በክረምቱ የሚያወጣ በቂ የመጠባበቂያ ክምችት ይያዝ። በየሳምንቱ የአንድ ኩንታል ስንዴ፣ የዱቄትና የፉርሽካ ዋጋ ከአሰላ፣ ከሮቤ፣ ከአዳማና ከአዲስ አበባ ተሰብስቦ በሬዲዮና በጋዜጣ ይነገር። ገዢው የከፈለው ብር ለስንዴው፣ ለመንገዱ፣ ለምንዛሪው ወይስ ለደላላው እንደሄደ የማወቅ መብት አለው።